ቅጠሉን ስለሚያረግፈው የውኃ ጥድ

ጥድና ዝግባ ከዓመት እስከ ዓመት ለምለም ሁነው ስለሚታዩ፥ ወገናቸው ሁሉ እንደዚሁ ይመስላል። ነገር ግን ከጥድ ወገን ሁኖ በየዓመቱ ቅጠሉን አርግፎ ራቁቱን የሚቆም ዛፍ አለ፤ ስሙም ሜታሴኮያ ይባላል። ቻይናውያን ሹይ ሻን ይሉታል፤ ትርጓሜውም የውኃ ጥድ ማለት ነው።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1941 ሺጌሩ ሚኪ የተባለ የጃፓን ሊቅ፥ ድንጋይ ሁኖ የተገኘውን ቅሪቱን መርምሮ ይህን ስም አወጣለት፤ ዛፉም ከምድር ፈጽሞ የጠፋ ይመስል ነበር። በዚያው ዓመት ጋን ዱዎ የተባለ የቻይና የደን ሊቅ በሞዳኦ መንደር አንድ ታላቅ ዛፍ አየ፤ ወራቱ የብርድ ስለ ነበረ ቅጠሉ ረግፎ ምንነቱን ሊለይ አልተቻለውም። የመንደሩ ሰዎች በግርጌው ትንሽ የጸሎት ቤት ሠርተው ያከብሩት ነበር፤ በአገራችን ደብሮች ዙሪያ እንዳሉት ዛፎች፥ ከምሳር ያዳነው ይኸው ክብር ሳይሆን አይቀርም። በ1948 ሊቃውንቱ ሁ ሺያንሱና ዠንግ ዋንጁን ሕያው ዛፍ መሆኑን ገልጸው ጻፉ፤ በዚያው ዓመት በአሜሪካ ቦስተን ከሚገኘው የአርኖልድ የዕፀዋት ቦታ ዘሩ ወደ ብዙ አገር ተላከ። ከዚያ ዘር ከበቀሉት መካከል ዛሬ ከ30 ሜትር በላይ የደረሱ አሉ።

በተስማማው ስፍራ በዓመት አንድ ሜትር ያህል ያድጋል። የሚስማማውም ፀሐይ የማይከለከልበት፥ አፈሩ ጥልቅና እርጥበቱ የማይለየው የወንዝና የኩሬ ዳር ነው። ግንዱ ከግርጌው እጅግ ስለሚሰፋ ከቤትና ከግንብ 10 ሜትር ያህል ማራቅ ይገባል። ከዘርም ከቅርንጫፍ ቁራጭም ይበቅላል፤ ቁራጩ በቀላሉ ሥር ያወጣልና ይህ መንገድ ይቀላል። እንጨቱ ግን ለስላሳና ተሰባሪ ስለ ሆነ፥ ለቤት ምሰሶ ብሎ የሚተክለው ሰው ድካሙ ከንቱ ይሆንበታል፤ ለጥላና ለመንገድ ዳር ጌጥ ግን እጅግ ያማረ ነው።

በአገራችን ሊሞክረው የሚወድ ባለርስት ቢኖር፥ በጋው ረጅም ነውና ውኃ ከማይጠፋበት ስፍራ ጥቂት ችግኝ ብቻ ይትከል፤ ግርጌውንም በሣር ያልብስ።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈራው የሠራተኛ ምሳር ነው። የብርድ ወራት ሲቃረብ ቅጠሉ እንደ ዝገት ቀልቶ፥ ከቀጫጭን ጭራሮው ጋራ ይረግፋል፤ ጠባዩን የማያውቅ ሰው ደርቋል ብሎ ይቆርጠዋል። ስለዚህ አስቀድሞ ቅርፊቱን በጥፍር ጥቂት መፋቅ ነው፤ ከሥሩ አረንጓዴ ከታየ ዛፉ ሕያው ነው። ነገር ግን ቅጠሉ ያለ ወራቱ ቢጠወልግ ውኃ አጥቷልና ሳይውል ሳያድር ይጠጣ።