ተመሳሳይ መስለው ነጋዴን የሚያሳስቱ የእንግሊዝኛ ግሦች

ከወላይታ ሶዶ ቡናና ዝንጅብል የሚልክ ነጋዴም ሆነ ከውጭ አገር ሸቀጥ የሚያስመጣ ባለሱቅ፥ ጉዳዩ ባሕር ማዶ ሲሻገር በእንግሊዝኛ መጻጻፉ አይቀርም። ያልታወቀ ቃል ከመዝገበ ቃላት ይፈለጋል፤ የታወቀ መስሎ የሚያስት ግሥ ግን ሳይመረመር ፊርማ ይወርድበታል። ስለዚህ ከዚህ በታች ያሉትን ለይቶ ማወቅ ይገባል።

አንደኛ፤ «ሪሲቭ» እና «አክሰፕት»። ሁለቱም በአማርኛ «ተቀበለ» ይባላሉ። ነገር ግን «ሪሲቭ» ዕቃው ወይም ደብዳቤው መድረሱን ብቻ ሲገልጽ፥ «አክሰፕት» ወዶና ተስማምቶ መቀበልን ያመለክታል። ሸቀጡ ሳይፈታና ሳይቈጠር «አክሰፕት አድርገናል» ብሎ የጻፈ ነጋዴ፥ በኋላ ጉድለት ቢያገኝ ሻጩ ያንኑ ደብዳቤ ማስረጃ አድርጎ ሊከራከረው ይችላል። «ሪሲቭ አድርገናል፤ ገና እንመረምራለን» ያለው ግን ለአቤቱታው በር ትቷል። በሐዋላ ወረቀት ላይ ሲሆን ነገሩ ይጠነክራል፤ «አክሰፕትድ» ብሎ የፈረመ ሰው ቀኑ ሲደርስ ገንዘቡን ሊከፍል ግዴታ ገብቷል። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም፥ ለቀረበለት ሐሳብ «እቀበላለሁ፤ ነገር ግን ዋጋው ይቀነስ» ብሎ የመለሰ ሰው፥ የፊተኛውን ሐሳብ እንደ ተወና አዲስ ሐሳብ እንዳቀረበ ይቈጠራል።

ሁለተኛ፤ «ሺፕ»፥ «አራይቭ» እና «ዴሊቨር»። «ሺፕ» ጭኖ መላክ፥ «አራይቭ» መድረስ ነው። «ዴሊቨር»ን ብዙዎች «አደረሰ» ይሉታል፤ በንግድ ውል ግን ፍቺው «አስረከበ» ነው። «ኤፍ.ኦ.ቢ. ጅቡቲ» በተባለ ውል፥ ሻጩ በጅቡቲ ወደብ ገዢው በመረጠው መርከብ ላይ ሲጭን አስረክቧል ይባላል፤ ከዚያ ወዲያ በባሕር ላይ ለሚደርሰው ጉዳት የሚያስብ ገዢው ነው። እንግዲህ ዝንጅብሉ በካሚዮን ከሶዶ ሲነሣ «ዴሊቨርድ» ብሎ የጻፈ ላኪ፥ ያልፈጸመውን ፈጽሜአለሁ ማለቱ ነው፤ ጭነቱ በመንገድ ዝናብ ቢያገኘው ኪሣራው ከእርሱ አይወርድም።

ሦስተኛ፤ «ሜይ» እና «ሻል»። በውል ውስጥ «ሜይ» ፈቃድን፥ «ሻል» ግዴታን ያመለክታል። የዚህ ዓይነት ልዩነት መንግሥታትን እንኳ አጣልቷል። በ1881 ዓ.ም. በተፈረመው የውጫሌ ውል 17ኛ አንቀጽ፥ አማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ በኢጣልያ መንግሥት አማካይነት ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለመጻጻፍ እንደሚቻላቸው ሲናገር፥ የኢጣልያንኛው ግሥ ግዴታ ተደርጎ ተተረጐመ፤ ጠቡም በ1888 ዓ.ም. እስከ ዓድዋ ደረሰ።

ነጋዴ ሁሉ ከመፈረሙ በፊት በደብዳቤው ያሉትን ግሦች አንድ በአንድ ማስመርመር ይገባዋል። የአንዲት ግሥ ፍቺ ለመጠየቅ የሚጠፋው ጊዜ፥ በክርክር ከሚጠፋው ገንዘብ እጅግ ያነሰ ነው።