በእርሻ መሬት ላይ መሠረት ሲቈፈር ስለሚደረግ የቅርስ ክትትል

በራስ መኮንን ድልድይ አካባቢ ሱቅ ያለው ነጋዴ፥ ከከተማ ወጥቶ በእርሻ መሬት ላይ የእህል መጋዘን ለማሠራት ሲነሣ፥ የሲሚንቶውንና የብረቱን ዋጋ አጥብቆ ያሰላል። ከአፈሩ በታች ምን እንዳለ ግን የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ጉዳዩ ለሊቃውንት ብቻ የሚተው ቢመስልም፥ የገንዘብና የሕግ ጉዳይ ጭምር ነው።

ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በአዋሽ ዳር የሚገኘው መልካ ቁንጡሬ እ.ኤ.አ. በ1963 ታወቀ፤ ከ1965 ጀምሮም ዣን ሻቫዮን በሥርዐት አስቈፈሩት። በ2024 ከባልጪት ጋር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል። በዚያ አገር ሜዳ ላይ ተበትኖ የሚታየው የባልጩት ስባሪ የጥንት ሰው መሣሪያ ሊሆን ይችላል። በአክሱምም እ.ኤ.አ. በ1981 ገበሬዎች የንጉሥ ኢዛና ጽሑፍ የተቀረጸበትን ድንጋይ አገኙ፤ ድንጋዩም ከቦታው ሳይነሣ መጠለያ ተሠራለት። ይህ ትልቅ ማስተዋል ነው፤ ከአፈሩ ንብርብር የተነጠለ ዕቃ ፋክቱሩ እንደ ጠፋበት ጭነት ነውና፥ ከየት እንደ መጣ የሚመሰክርለት የለም።

አሠራሩ ይህ ነው። ቁፋሮው ሲጀመር ባለሙያው በቦታው ይቆማል፤ አፈሩም በስሱ ይገፈፋል። አመድ፥ የሸክላ ስባሪ፥ የተጠረበ ድንጋይ ወይም አጥንት ሲታይ፥ ወይም የአፈሩ መልክ በድንገት ሲለወጥ፥ ማሽኑ በዚያ በኩል ይቆማል። ልኩና ጥልቀቱ ይጻፋል፥ ፎቶግራፍም ይነሣል። በሌላው ማዕዘን ሥራው ሊቀጥል ይችላል።

በ1992 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 209፥ በግንባታ ቁፋሮ ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያውኑ ለቅርስ ባለሥልጣን እንዲያስታውቅና እስኪረከቡት ድረስ እንዳለ እንዲጠብቅ ደንግጓል። ባለሥልጣኑ በ6 ወር ውስጥ ተገቢውን ካልፈጸመ፥ አግኚው ለክልሉ መንግሥት ሹም በጽሑፍ አስታውቆ ከኀላፊነት ሊወጣ እንደሚችልም ተጽፏል። በባንክ ብድር ለሚሠራ ሰው 6 ወር ቀላል አይደለም! ስለዚህ ፕላኑ ሳይጸድቅ ባለሙያ መሬቱን ቢመለከት ይሻላል፤ መጋዘኑን ጥቂት ሜትር ማዛወር ገና በወረቀት ላይ ሳለ ብዙ ወጪ አያስከትልም። ከሥራ ተቋራጩ ጋር በሚፈረመው ውልም፥ ቁፋሮው በቅርስ ምክንያት ቢቋረጥ የማሽኑን ኪራይ ማን እንደሚከፍልና የማስረከቢያው ቀን እንዴት እንደሚራዘም ይጻፍ።

የቀን ሠራተኛውም መረሳት የለበትም። ያገኘውን ሸክላ መልሶ በአፈር የሚሸፍነው፥ ሥራው ቆሞ እንጀራው እንዳይቀርበት ፈርቶ ሊሆን ይችላል። ቁፋሮው በሚቆምባቸው ቀናትም ደመወዙ እንደሚከፈለው ከመጀመሪያው ቀን ይነገረው።