ውኃ አትከልክያት

ልጄ፣ እናትሽን ሽንት እንደሚያመልጣት የነገርሽኝ ድምፅሽን ዝቅ አድርገሽ ነው። አንቺም ከወለድሽ ወዲህ ስታስነጥሺ ጠብ እንደሚልብሽ የጨመርሽው ልትሄጂ ስትነሺ ነው። ዕድሜዬን በአዋላጅነት ሳገለግል ያየሁት ይኸው ነው፤ ሴቶች ይህን ጉዳይ መጨረሻ ላይ፣ በሩን ይዘው ነው የሚናገሩት። ስለዚህ ለሁለታችሁም የሚሆነውን ጻፍኩልሽ።

1. «እርጅና ነው» የሚለውን ቃል ከቤትሽ አውጪ። ዕድሜ ሲገፋ ፊኛ እንደ ድሮው አይችልም፤ ሌሊት ለሽንት መነሣትም ይመጣል። ልብስ የሚያርስ ሽንት ግን ምክንያት ያለው ሕመም ነው፤ ብዙ ጊዜም ይድናል ወይም ይቀንሳል። እርጅና ነው ከተባለ የሚመረምረው አይገኝም። እናትሽ ከማኅበሯ የቀረችው፣ ለቅሶ ቤት በር አጠገብ መቀመጥ የጀመረችው ጉልበቷ ስለደከመ ብቻ አይመስለኝም።

2. የቱ ዓይነት እንደሆነ ለዪ። ሲያስሉ፣ ሲያስነጥሱ፣ ሲስቁ፣ ጀሪካን ሲያነሡ ጠብ የሚለው ፊኛን ከሥር ደግፈው የሚይዙት ጡንቻዎች ሲላሉ የሚመጣ ነው። ወሊድ፣ ማረጥ፣ ውፍረትና የቆየ ሳል ያባብሱታል። ያንቺ ይህ ይመስለኛል። ሌላው፣ ሽንት መጣ ሲባል ሽንት ቤት ሳይደረስ የሚፈሰው ነው፤ እዚህ ላይ ፊኛው ገና ሳይሞላ ይኮማተራል። የእናትሽ ነገር ወደዚህ ያደላል። ሁለቱ በአንድ ሰው ላይ ሊደራረቡም ይችላሉ።

ሦስተኛው ያሳስታል። ፊኛው አልወጣ ያለውን ሽንት ይዞ ይሞላና የተረፈው በጠብታ ይወርዳል። ፕሮስቴታቸው ያበጠ ወንዶች፣ ስኳር የፊኛቸውን ነርቭ የጎዳባቸው ሰዎች፣ የከረረ የሆድ ድርቀት ያለባቸው አረጋውያን ላይ ይታያል። የሚፈስበት ሰው ሽንት ተይዞበታል ብሎ ማን ይጠረጥራል? ሳይታወቅ ሲቆይ ግን ኩላሊት ድረስ ይጎዳል። ለዚህ ነው ያለ ምርመራ የጎረቤትን መድኃኒት ተውሶ መዋጥ የማልወደው።

3. ሐኪም ዘንድ ከመሄዳችሁ በፊት ለሦስት ቀን ጻፊ። ምን ጠጣች፣ ስንት ሰዓት ላይ ሸናች፣ መቼ አመለጣት። መስመር ያለው ጆግ ካለሽ ሽንቷን ለኪው። የጤነኛ አዋቂ ፊኛ ከ300 እስከ 500 ሚሊ ሊትር ይይዛል፤ ቀን ላይ እስከ 8 ጊዜ መሽናትም የተለመደ ነው። የምትወስዳቸውን መድኃኒቶችም ይዘሽ ሂጂ። ለግፊት ወይም ለልብ የሚሰጥ የሚያሸና ኪኒን ማታ ከተዋጠ ሌሊቱን ሲያመላልስ ያድራል፤ ሰዓቱን ማዛወር ይቻል እንደሆነ ሐኪሙን ጠይቂ እንጂ ራስሽ አታቋርጪባት። የሽንትና የስኳር ምርመራ እንዲደረግላትም ጠይቂ። የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ከሆነ ታክሞ ሲድን ማምለጡም አብሮ ሊቆም ይችላል።

4. ውኃ አትከልክያት። ሁሉም ቤት መጀመሪያ የሚደረገው ይህ ነው፤ የሚጎዳውም ይህ ነው። ውኃ ሲያንስ ሽንቱ ይወፍራል፣ ፊኛን ያስቆጣል፣ ሆድ ይደርቃል፤ የደረቀ ሆድ ደግሞ ፊኛውን ይጫነዋል። ኢንፌክሽንም ይቀርባል፤ በዚያ ላይ አዛውንት ሰው ውኃ ሲጎድለው ይዞርበትና ይወድቃል። ልብ ወይም ኩላሊት ታሞ ሐኪም ካልከለከለ በቀር ቀኑን አከፋፍላ ትጠጣ፤ ከመኝታ በፊት ባሉት ሁለት ሰዓታት ብቻ ትቀንስ።

ቡናው ግን ይታሰብበት። ካፌይን ያሸናል፣ ፊኛንም ያጣድፋል፤ ሻይም አለበት። እናትሽን ከጀበናው ዙሪያ አስነሥታችሁ ብቻዋን እንድታስቀሯት አልፈልግም፤ ጎረቤቶቿን የምታገኘው እዚያ ነው። አቦሉን ትለፈውና በረካው ሲደርስ ትጠጣ፤ የቀጠነው እሱ ነው። የማታውን ቡና ትተወው። ከአንድ ሁለት ሳምንት በኋላ እንደገና ጻፊና ከመጀመሪያው ወረቀት ጋር አወዳድሪው፤ ለውጡን ራሷ ትየው።

5. ጡንቻውን አሠሪው፤ ይህ በተለይ ለአንቺ ነው። አርኖልድ ኬግል የተባለ አሜሪካዊ የማህፀን ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1948 ያስተዋወቀው እንቅስቃሴ ነው፤ እስከ ዛሬ ድረስ ለአንቺ ዓይነቱ ችግር ከቀዶ ጥገና በፊት የሚታዘዘው እሱ ነው። ሰው መሐል ፈስ እንዳያመልጥሽ እንደምትቋጥሪ አድርገሽ ከውስጥ ወደ ላይ ሳቢ፤ ጥቂት ሰከንድ ያዢ፤ ፈጽመሽ ልቀቂ። መልቀቁም የሥራው አካል ነው። ትንፋሽሽን አትያዢ፣ ቂጥሽንና ጭንሽን አታኮማትሪ። ስምንት ጊዜ፣ በቀን ሦስት ዙር፣ ቢያንስ ለሦስት ወር። ልጅሽን ስታጠቢ አድርጊው፤ ማንም አያውቅብሽም። ሽንት እየሸናሽ ግን አትለማመጂው። ሳል ወይም ማስነጠስ ሲመጣ ቀድመሽ ጥብቅ ማድረግን ልመጂ። ብዙዎች በሁለተኛው ሳምንት «አልሠራም» ብለው ይተዋሉ፤ ገና ነው። ከሦስት ወር በኋላም ካልተሻለሽ ሐኪም ዘንድ ተመለሺ፤ ሌላ ሕክምና አለ።

6. የእናትሽን ፊኛ መልሳችሁ አስተምሩት። እንዳያመልጠኝ ብላ በየሰዓቱ የምትመላለስ ከሆነ ፊኛው ትንሽ መያዝን ይለምዳል። ሲያጣድፋት አትሩጥ፤ ቁጭ ብላ፣ ጡንቻውን ጠበቅ አድርጋ፣ ማጣደፉ ሲያልፍላት በቀስታ ትሂድ። በሁለቱ መሽናት መካከል ያለውን ጊዜ በየጥቂት ቀኑ 15 ደቂቃ እየጨመራችሁ ለስድስት ሳምንት ሞክሩት።

7. ከአልጋዋ እስከ ሽንት ቤት ያለውን መንገድ ራስሽ በጨለማ ሂጂበት። ፊኛው ደኅና ሆኖ ጉልበቱ የማያደርስ ሰው ብዙ ነው። ሽንት ቤቱ ግቢ ውስጥ ከሆነ፣ ደረጃ ካለው፣ ቁጢጥ የሚያስብል ከሆነ፣ ለታመመ ጉልበት ሩቅ ነው። ሌሊት ፖፖ አልጋዋ ሥር ይሁን፣ መብራት ይብራ፣ ልብሷም ቶሎ የሚፈታ ይሁን። ፓድ ወይም ዳይፐር የምትጠቀም ከሆነ ሳይቆይ ይቀየር፤ ገላዋ በለብታ ውኃ ታጥቦ ይድረቅና ቫዝሊን ይቀባ፤ አለዚያ ቆዳዋ ይላጣል። አንሶላዋን አንቺ እጠቢው፤ ለሠራተኛም ለምራትም አትስጪው። ልጆች ፊትም ስለ ሽታ ቃል አይውጣሽ።

8. በዚህ የተነሣ ቤተ ክርስቲያን መግባት ትታ ከደጅ እየተመለሰች እንደሆነ ጠይቂያት። በራሷ ፈርዳ ከምትቀር የንስሐ አባቷን ታማክር። ሙስሊም ለሆነችው ጎረቤታችሁም ንገሪያት፤ ሽንቱ የማይቆምለት ሰው ለእያንዳንዱ ሰላት ውዱእ አድርጎ እንደሚሰግድ የሃይማኖቱ ሊቃውንት አስተምረዋል።

9. ከረጅም ምጥ በኋላ ቀንና ሌሊት ያለማቋረጥ የሚፈስባት ሴት ካየሽ እስካሁን ያልኩሽ ሁሉ ለእሷ አይደለም። ያ ፌስቱላ ነው፤ በምጡ ጫና የተበሳ ቀዳዳ ነው፤ የሚድነውም በአብዛኛው በቀዶ ጥገና ነው። ከወለደች ጥቂት ቀን ብቻ ከሆናት ቶሎ የሽንት ቱቦ ቢገባላት ትንሹ ቀዳዳ በራሱ ሊገጥም ስለሚችል አታዘግያት። እ.ኤ.አ. በ1959 ወደ አገራችን የመጡት ሬጂናልድና ካትሪን ሐምሊን በ1974 የከፈቱት የአዲስ አበባ ፌስቱላ ሆስፒታል በነፃ ያክማል፤ በባሕር ዳር፣ በመቀሌ፣ በይርጋለም፣ በሐረርና በመቱም ማዕከላት አሉት። ማሚቱ ጋሼ በሐምሊኖቹ ታክማ፣ በኋላ ራሷ የፌስቱላ ቀዶ ጥገና አድራጊ ሆናለች። የሆስፒታሉን ስም ለዚያች ሴት ንገሪያት፤ ለባሏም ንገሪው።

10. ቀጠሮ የማይጠበቅበትን ደግሞ እወቂ። ሽንቷ ደም ከቀላቀለ በማግስቱ ውሰጃት። ፊኛዋ ተነፍቶ ሽንት ጨርሶ እምቢ ካላት፣ ትኩሳትና የጎን ውጋት ከተነሣባት፣ ወይም ወገቧን እያመማት እግሯ ከሰነፈና መቀመጫዋ አካባቢ ከደነዘዘ ግን እስኪነጋ አትጠብቂ፤ በዚያው ሌሊት መኪና ፈልጊ።