በኖራ ሥር የተሰወረ ሥዕል

በመካከለኛው ዘመን በእንግሊዝ አገር የታነጸ የአጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ሁለት ዋና ክፍል ነበረው፤ በምሥራቅ ካህናት የሚያገለግሉበት መቅደስ፥ በምዕራብ ሕዝቡ የሚቆምበት ስፍራ። የጥምቀቱ የድንጋይ ገንዳ በመግቢያው አጠገብ መቀመጡ የክርስትና ደጅ ጥምቀት መሆኑን ያስተምር ነበር። ሁለቱን ክፍሎች የእንጨት ግርዶሽ ሲለያቸው፥ በላዩ የተቀረጸ ምስለ ስቅለት ከእመቤታችንና ከቅዱስ ዮሐንስ ምስል ጋር ይቆም ነበር።

በሰፎክ አውራጃ በዌንሃስተን ቤተ ክርስቲያን ከእነዚህ ምስሎች በስተኋላ የዕለተ ደይን ሥዕል በሳንቃ ላይ ተሥሎ ነበር። በ16ኛው መቶ ዓመት በተነሣው የሃይማኖት ለውጥ ምስሎቹ ተነቀሉ፤ ሥዕሉም በኖራ ተሸፈነ። በ1892 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ሕንፃው ሲታደስ ሳንቃው እንደማይረባ ዕቃ ወደ ግቢው ወጣ፤ ሌሊት የዘነበው ዝናም ግን ኖራውን አጥቦ ሥዕሉን ገለጠው። ምስሎቹ የነበሩበት ስፍራ ቀለም ያልነካው ባዶ ቅርጽ ሆኖ እስከ ዛሬ ይታያል።

እንግዲህ ልብ እንበል፤ ሥዕሉ ተመለሰ፥ ምስሎቹ ግን አልተመለሱም። ለተጣለ ንዋየ ቅድሳት ሁሉ ዝናም አይደርስለትም። ስለዚህ ቤተ ክርስቲያን በምናድስበት ጊዜ አሮጌውን ከመጣላችን አስቀድመን እንመርምር።