በልክ መኖርና በልክ መደሰት

ስለ ቤት ወጪና ስለ ገንዘብ አያያዝ መናገር ለአንዳንድ ሰዎች የነጋዴና የሒሳብ ሹም ሥራ እንጂ የመምህር ሥራ አይመስላቸውም። ነገር ግን በየቤቱ የሚነሣው ጠብ፣ በየጎረቤቱ የሚሰማው ሐሜት፣ ወደ ንስሐ አባትም የሚቀርበው ሐዘን ከየት እንደሚመነጭ የመረመረ ሰው፥ ከብዙው ነገር በስተኋላ ያልተቈጠረ ገንዘብ እንዳለ ለመረዳት አይቸግረውም። ባልና ሚስት የሚጣሉት ብዙ ጊዜ ስለ ብዙ ሺህ ብር አይደለም፤ ስለ አንድ ስኒ ቡና፣ ስለ አንድ ነጠላ፣ ስለ አንድ ብርሌ ጠጅ ነው። እንግዲህ ዛሬ ልንመለከተው ያሰብነው ጥያቄ ይህ ነው፤ ገቢው ጥቂት የሆነ ሰው ልቡን ደስ የሚያሰኘውን ትንሽ ነገር ሊያደርግ ይገባዋልን? የሚገባው ከሆነስ በምን መጠንና በምን ሥርዓት?

ጥያቄው ለዘመናችን የቀረበ ነው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን በመደረጉ፥ አስቀድሞ በ57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። ከውጭ አገር የሚመጣው ዘይትና መድኃኒት ሲወደድ፥ በቁርጥ ደመወዝ የሚተዳደረው ሰው ወርን ከወር ለማድረስ የሚያደርገው ትግል ምን ያህል እንደ ከበደው ሁሉም በየቤቱ ያውቀዋል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ስለ ደስታ መናገር እንደ ቀልድ ይቈጠር ይሆናል። ይሁን እንጂ ጭንቀት የበዛበት ሰው ስለ ደስታ ሥርዓት ማወቅ የሚያስፈልገው ከባለጸጋው ይልቅ ነው፤ ባለጸጋ ቢሳሳት የሚጎድለው ከትርፉ ነው፤ ድኻ ቢሳሳት ግን የሚጎድለው ከልጆቹ እንጀራ ነውና።

ሁለቱ ስሕተቶች

በዚህ ነገር ሰዎች የሚወድቁባቸው ጉድጓዶች ሁለት ናቸው። የመጀመሪያው የታወቀ ነው፤ ይኸውም ከገቢ በላይ መኖር ነው። እንደ ቤቱ ሳይሆን እንደ ጎረቤቱ ለመኖር የሚመኝ ሰው፥ ልጁን ሲድር ተበድሮ ይደግሳል፤ ለወላጁ ተዝካር ሲያወጣ በሬውን ሸጦ ያበላል፤ ዛሬም በእጅ ስልክ በጥቂት ደቂቃ በሚገኘው ብድር የበዓል ልብስ ይገዛል። ድግሱ በአንድ ቀን ያልፋል፤ ዕዳው ግን ዓመት ይቀመጣል። ስለዚህኛው ስሕተት ብዙ ስለ ተነገረ እዚህ ላይ አናበዛም።

ሁለተኛው ስሕተት ግን በጎ ምግባር ስለሚመስል የሚገሥጸው የለም። ይኸውም ራሱንና ቤተሰቡን ከማናቸውም ደስታ ፈጽሞ መከልከል ነው። እንዲህ ያለው አባወራ ገንዘብ በማዳን ቤቱን የጠበቀ ይመስለዋል። ነገር ግን ልጆቹ መደበቅን ይማራሉ፤ ሚስቱ ከአስቤዛው ብር ጥቂት ጥቂት እየቀነሰች በሥውር የምትሻውን ታደርጋለች፤ እርሱም ራሱ ብዙ ወራት ታግሦ ሲያበቃ አንድ ቀን ልጓሙ ይበጠስበትና የስድስት ወር ቍጠባውን በአንድ ምሽት ያጠፋዋል። ከልክ ያለፈ ክልከላ ከልክ ያለፈ ወጪን ይወልዳል።

አበው ይህን ነገር አስቀድመው አውቀውታል። በመነኮሳት ዜና እንደሚነገረው፥ አንድ አዳኝ አባ እንጦንስን በበረሃ ከወንድሞቹ ጋር ተቀምጦ ሲጫወት ቢያየው፥ እንዲህ ያለ ትልቅ አባት እንዴት ይቀልዳል ብሎ በልቡ አዘነ። አባ እንጦንስም አዳኙን ቀስቱን እንዲወጥር አዘዘው፤ ወጠረው። ደግሞ ጨምሮ እንዲወጥር አዘዘው፤ ወጠረው። ሦስተኛ ጊዜ ሲያዘው ግን አዳኙ ከልክ በላይ ቢወጠር ቀስቱ እንደሚሰበር ተናገረ። በዚህን ጊዜ አባ እንጦንስ የወንድሞችም ነገር እንዲሁ እንደ ሆነ አስረዳው። ይህን ያስተማረው ሀብቱን ለሌሎች የሰጠ፥ በበረሃ የኖረ ሰው መሆኑን ልብ እንበል። በበረሃ ላለ መነኩሴ ጥቂት ዕረፍት ያስፈለገው ከሆነ፥ በከተማ ኪራይና በልጆች ቀለብ ለተጨነቀች እናት እንዴት አያስፈልጋት?

ሒሳብን ስለ ማወቅ

ደስታን በልክ ለማድረግ አስቀድሞ ልክን ማወቅ ያስፈልጋል። ልክም የሚታወቀው በግምት ሳይሆን በጽሕፈት ነው። ለምሳሌ ሁለት ልጆች ያሏቸው ባልና ሚስት በወር 14,000 ብር ያገኛሉ እንበል። ከዚህም ለቤት ኪራይ 4,500 ብር፣ ለእህል፣ ለዘይትና ለወጥ ማሰናጃ 5,500 ብር፣ ለልጆች ትምህርት 1,200 ብር፣ ለመጓጓዣ 900 ብር፣ ለመብራት፣ ለውኃና ለሳሙና 700 ብር፣ ለእድር 100 ብር፣ ለዕቁብ 500 ብር ያወጣሉ። ድምሩ 13,400 ብር ስለሚሆን የሚተርፋቸው 600 ብር ነው።

አሁን ባል ወደ ሥራ ሲሄድ በየቀኑ በመንገድ ዳር በ25 ብር አንድ ስኒ ቡና ይጠጣል እንበል። በወር 26 የሥራ ቀን ቢኖር ወጪው 650 ብር ይሆናል፤ ከተረፈው ገንዘብም በ50 ብር ይበልጣል። እርሱ ግን ይህን ወጪ ብሎ አይቈጥረውም፤ በየቀኑ ከኪሱ የሚወጣው ጥቂት ነውና። ነገር ግን ሚስቱ በሰንበት ጎረቤቶቿን ጠርታ ቡና ስታፈላ ባየ ጊዜ፥ ስለ ፈንዲሻውና ስለ ዕጣኑ፥ ይህ ሁሉ ብክነት ነው ብሎ ይቈጣል። የእርሷ ቡና በረከቦት ተቀምጦ ስለሚታይ ብክነት ተባለ፤ የእርሱ ቡና ቆሞ ስለሚጠጣ ተረሳ። በየቤቱ ያለው ጠብ አብዛኛው ከዚህ ዓይነት ሚዛን የሚነሣ ነው።

በአንድ ወረቀት ላይ ሁለቱም አብረው ቢጽፉት ግን ነገሩ ይለወጣል። ከ600 ብሩ 200 ብር ለድንገተኛ ሕመም ያስቀምጣሉ፤ 150 ብር ለምጽዋት ይለያሉ፤ የቀረውን 250 ብር ደግሞ ያለ ኀፍረትና ያለ ድብቅ ለደስታ ይመድባሉ። ባል በሳምንት አንድ ቀን በመንገድ ዳር ቢጠጣ በአራት ሳምንት 100 ብር ይሆናል፤ 150 ብሩ ለቤቱ ቡና ይቀራል። ይህ ሒሳብ ለምሳሌ ያህል የቀረበ ስለ ሆነ እያንዳንዱ በገቢውና በአገሩ ዋጋ ይለውጠው። ዋናው ነገር ደስታ የራሱ ስፍራ እንዲኖረውና ከስፍራውም እንዳያልፍ ነው። ስም ያልተሰጠው ወጪ ድንበር የለውም።

የጾምና የፍስክ ሥርዓት

የቤተ ክርስቲያናችን የዓመት ሥርዓት ራሱ ስለዚህ ነገር ያስተምራል። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ከእርሱም ቀጥሎ ትንሣኤ ይመጣል፤ ከትንሣኤም በኋላ ባሉት 50 ቀናት ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾሙም። ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ ጾም ወይም ዓመቱን ሙሉ ፍስክ የሚሆንበት ሥርዓት የለም። መከልከሉ ለመደሰቱ ጣዕም ይሰጠዋል፤ መደሰቱም ለሚቀጥለው መከልከል ኃይል ይሆናል። በየቀኑ ዶሮ የሚበላ ሰው የትንሣኤን ዶሮ ወጥ አያውቀውም።

ነገር ግን ጾምን የገንዘብ ማከማቻ ብቻ አድርጎ የሚያይ ሰው ይሳሳታል። ሄርማስ በተባለው ጥንታዊ መጽሐፍ እንደምናነበው፥ የሚጾም ሰው በዚያ ቀን ሊበላው የነበረውን ምግብ ዋጋ አስልቶ ለመበለት፣ ለሙት ልጅና ለተቸገረ እንዲሰጥ ታዟል። እንግዲህ ከጾም የተረፈው ገንዘብ ባለቤት አለው ማለት ነው። እንዲሁም በጾም ወራት ከፍስኩ ምግብ የበለጠ ዋጋ ያለው የጾም ምግብ እየመረጡ መመገብ ኪሱንም ጾሙንም ማጕደል ነው።

በኅብረት ስለ መደሰት

አባቶቻችን ገንዘባቸው ጥቂት ሆኖ ሳለ በደስታ የኖሩት ብቻቸውን ስላልተደሰቱ ነው። ቅርጫን እንመልከት። አንድ በሬ ለአንድ ድኻ የማይታሰብ ነው፤ ነገር ግን ጎረቤታሞች ገንዘብ አዋጥተው በሬውን ይገዛሉ፤ ሥጋውን በእኩል መደብ ይከፋፈላሉ፤ ማንም እንዳያደላ ዕጣ ይጥላሉ። በዚህ ዓይነት ከሥጋው እያንዳንዱ ቤት ይደርሰዋል፤ የማንም ልጅ የጎረቤቱን ጢስ እያየ አይውልም።

ዕቁብም እንዲሁ ነው። 10 ሰዎች በየወሩ 500 ብር ቢጥሉ፥ በየወሩ ዕጣ የወጣለት 5,000 ብር ይወስዳል፤ በ10 ወርም ሁሉም ይዳረሳሉ። ወለድ የለበትም፤ ነገር ግን ዳኛና ጸሐፊ አለው፤ አስቀድሞ የደረሰውም ዋስ ይጠራል። ለበዓል ልብስ ወይም ለቤት ዕቃ የሚያስብ ሰው ከብድር ይልቅ በዚህ ቢጠቀም፥ ደስታው ከዕዳ ይነጻል። ያዕቆብ የወለደው ዮሴፍ በሰባቱ የጥጋብ ዓመታት ከግብጽ እህል አምስተኛውን እጅ ያስቀመጠው ለመጪው ረኃብ ነበር፤ ይሁን እንጂ የቀሩትን አራት እጆች ሕዝቡ እንዳይመገብ አልከለከለም።

ቡናም የኅብረት ነገር ነው። አንድ ጊዜ ከተቈላውና ከተወቀጠው ቡና አቦል፣ ቶናና በረካ ይወጣሉ፤ አምስትና ስድስት ሰውም በጥቂት ፍሬ ግማሽ ቀን ይጫወታል። በዚያ ስፍራ የታመመ ይጠየቃል፤ የተጣላ ይታረቃል፤ ሥራ ያጣ ሥራ እንዳለ ይሰማል።

ደስታ ጌታ ሲሆን

ይህን ካልን በኋላ አንድ ነገር ማስጠንቀቅ ይገባናል። ቡና በአገራችን የበቀለ ተክል ሆኖ ሳለ፥ እስከ 19ኛው መቶ ዓመት መገባደጃ ድረስ ብዙዎቹ የደጋ ክርስቲያኖች አይጠጡትም ነበር። ዛሬ ግን ያለ እርሱ ራሳችንን አመመን እንላለን። ይህን የምንናገረው ቡናን ለመንቀፍ ሳይሆን፥ ትናንት ቅምጥልነት የነበረው ዛሬ ግዴታ እንደሚሆን ለማሳየት ነው። ስለዚህ ማንም ሰው የሚወደውን ትንሽ ነገር፥ ቡናም ቢሆን ጠጅ ወይም ሽቶ፥ በዓመት ውስጥ አልፎ አልፎ አንድ ሳምንት ትቶ ራሱን ይፈትን። ያለ ቍጣና ያለ ጭንቀት ከተወው፥ ነገሩ የእርሱ ነው፤ መተው ካቃተው ግን እርሱ የነገሩ ሆኗል።

ከዚህም ጋር ትንሽ ደስታ የተፈቀደ መሆኑ የሚታወቅባቸው ምልክቶች አራት ናቸው። አንደኛ፥ የልጆች እንጀራ፣ ኪራይና ትምህርት አስቀድሞ የተከፈለ መሆኑ፤ ሁለተኛ፥ በብድር አለመሆኑ፤ ሦስተኛ፥ ባል ከሚስት ሚስትም ከባል የማይደብቁት መሆኑ፤ አራተኛ፥ የድኻው ድርሻ ያልተነካ መሆኑ ነው። ከአራቱ አንዱ ከጐደለ ነገሩ ቢዘገይ ይሻላል።

ለንስሐ አባቶችና ለማኅበር አለቆች

በመጨረሻም ቃላችንን ወደ ካህናት አባቶቻችንና ወደ ማኅበር አለቆች እንመልሳለን። በቢታንያ አንዲት ሴት ከ300 ዲናር በላይ የሚያወጣ ሽቶ በጌታችን ላይ ባፈሰሰች ጊዜ፥ አንድ ዲናር የአንድ ሠራተኛ የቀን ደመወዝ ስለ ነበረ ዋጋው የዓመት ድካም ያህል ነበር። ያን ጊዜ የድኾችን ስም ጠርቶ የነቀፋት የገንዘቡን ከረጢት የያዘው ይሁዳ ነው፤ ወንጌላዊው ዮሐንስም ለድኾች ተቈርቍሮ እንዳልተናገረ ጽፏል። በዚህ ታሪክ ለራስ ብቻ የሚደረግ ቅምጥልነት አልተመሰገነም፤ ሽቶው ለሌላ የተሰጠ ነበርና። ነገር ግን የራስን ከረጢት ሳይመረምሩ የሌላውን ደስታ መቍጠር ምን ያህል አስጊ እንደ ሆነ እንማርበታለን። ስለዚህ አንዲት ድኻ እናት በሰንበት ስለምታፈላው ቡና ባሏ ቢከሳት፥ የንስሐ አባት ከመገሠጹ በፊት የሁለቱንም ሒሳብ ይጠይቅ።

እንዲሁም ማኅበር ተራ የሚደርሰው ድኻ፥ ካህኑንና ማኅበርተኛውን አከብራለሁ ሲል ተበድሮ እንደሚደግስ የታወቀ ነው። 12 አባላት ባሉት ማኅበር እያንዳንዱ በዓመት አንድ ጊዜ ይደርሰዋል፤ ያንዱ ድግስ ከፍ ካለ የሚቀጥለው ከእርሱ ማነስ ያሳፍረዋል፤ በዚህም ዓይነት በየወሩ ይጨምራል። ይህን ሊያቆሙ የሚችሉት ካህኑና የማኅበሩ ሙሴ ናቸው። የዝክሩ መጠን ለሁሉም እኩል እንዲሆን በማኅበሩ ሕግ ቢወሰን፥ ካህኑም በአንድ ዳቦና በጥቂት ጠላ ፊቱን ሳያጠቍር ቢባርክ፥ የብዙ ቤት ዕዳ ይቀራል። አምስት ሺህ ሰዎች ከጠገቡ በኋላ የተረፈው ቍርስራሽ 12 መሶብ ተሰብስቧል፤ በተትረፈረፈበት ቀን እንኳ ምንም እንዲባክን አልተፈቀደም።

እንግዲህ ወንድሞችና እኅቶች፥ ዛሬ ማታ ባልና ሚስት አንድ ወረቀትና አንድ እርሳስ ይዘው ይቀመጡ። የሚያስፈልገውን፣ የሚቀመጠውን፣ የሚሰጠውን፣ የሚያስደስተውንም በየስፍራው ይጻፉ። የመጨረሻው ቍጥር ትንሽ ቢሆን አይዘኑ፤ ምንም ባይተርፍ እንኳ ከጎረቤት ጋር የሚጠጣ አንድ ስኒ አይጠፋም። በግልጽና በስምምነት የተደረገ ትንሽ ደስታ በሥውርና በብድር ከተደረገው ትልቅ ደስታ ይበልጣል። እግዚአብሔር ለየቤታችን ልክን የሚያውቅ አእምሮና ያለውን የሚያመሰግን ልብ ይስጠን።