ልጆችን ይዞ ተራራ ስለ መውጣት



በዴንቨርና በአውሮራ የምትኖሩ ወላጆች ትምህርት ቤት ሲዘጋ ደጋግማችሁ የምታነሡት ጥያቄ አለ። ልጆቻችሁ የሮኪ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክን እንድታሳዩአቸው ይለምኗችኋል፤ የክፍል ጓደኞቻቸው ሄደው መጥተው ያወሩላቸዋል። እናንተ ደግሞ ልባችሁ ለሁለት ይከፈላል። ሁለት ፈረቃ እየሠሩ፣ አገር ቤት ያለውን ወገን እየደገፉ፣ ድንጋይና ዛፍ ለማየት ገንዘብና ቀን ማውጣት ለክርስቲያን ይገባልን? ጊዜውስ ወደ ጾመ ፍልሰታ የተጠጋ አይደለምን? እንዲህ ብሎ መጠየቅ መልካም ነው፤ ዕረፍታችንን ከእምነታችን ለይተን እንዳናየው ይጠብቀናል። ስለዚህ ቸኩለን "ይገባል" ወይም "አይገባም" ሳንል ከሥነ ፍጥረት ትምህርት እንነሣ።

ቤተ ክርስቲያናችን እግዚአብሔር በስድስቱ ቀናት 22 ፍጥረታትን እንደ ፈጠረ ታስተምራለች፤ እሑድ 8፣ ሰኞ 1፣ ማክሰኞ 3፣ ረቡዕ 3፣ ሐሙስ 3፣ ዓርብ 4። እነዚህ ፍጥረታት የተፈጠሩበትን ዓላማ ሊቃውንቱ ለይተው ያስቀምጡታል። መላእክትና ሰው ስሙን ለመቀደስ፣ ክብሩን ለመውረስ ተፈጠሩ። የቀሩት ለአንክሮ ለተዘክሮ፣ ለምግበ ሥጋ ለምግበ ነፍስ ተፈጠሩ። ብዙዎቻችን ከዚህ ውስጥ ምግበ ሥጋውን ቶሎ እንቀበላለን። ስንዴው፣ በጉ፣ ውኃው ለምን ተፈጠረ ብሎ የሚጠይቅ የለም። የማይታረሰውና የማይበላው ባዶ ዐለት ለምን ተፈጠረ ሲባል ግን መልስ ያጥረናል። መልሱ ከዚያው ትምህርት ውስጥ አለ፤ ዐለቱ ሰው አይቶት እንዲደነቅ፣ ተደንቆም ሠሪውን እንዲያስብ ተፈጥሯል። ማድነቅና ፈጣሪን ማሰብ ለሰው የተሰጠ ሥራ ነው። ልጆቹን ይዞ ተራራ ለማየት የሚሄድ አባት ፍጥረቱን ለተፈጠረበት ዓላማ እያዋለው ነው እንጂ ቀኑን እያባከነ አይደለም።

ነገር ግን ማድነቁና ማሰቡ አንድ ላይ መሄድ አለባቸው። ግብዣ ተጠርቶ፣ ወጡን አሞግሶ፣ ባለቤቱን ሳያመሰግን የሚወጣ እንግዳ ምን ይባላል? ተራራውን አድንቆ፣ ፎቶ አንሥቶ፣ ፈጣሪውን ሳያስብ የሚመለስም እንዲሁ ነው።

አሁን ወደ ቦታው እንሂድ። ፓርኩ ከዴንቨር ወደ ሰሜን ምዕራብ 110 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ መግቢያው ኤስቴስ ፓርክ የምትባለው ከተማ ናት። ብሔራዊ ፓርክ የሆነው በ1915 እ.ኤ.አ. ጥር ወር ፕሬዚዳንት ውድሮው ዊልሰን ሕጉን ሲፈርሙ ነው። ከዚያ አስቀድሞ ግን የዩትና የአራፓሆ ሕዝቦች በእነዚህ ተራሮች ላይ ለብዙ ዘመን ሲመላለሱ ኖረዋል፤ ይህንንም ለልጆቻችሁ ንገሯቸው። ትንንሽ ልጆች ያሏቸው ቤተሰቦች ብዙ ጊዜ የሚጀምሩት ከቤር ሌክ ነው። ሐይቁ ከባሕር ጠለል በላይ 2,888 ሜትር ላይ ሲሆን፣ ከአጠገቡ የሚነሣው የእግር መንገድ ኒምፍና ድሪም የተባሉትን ሐይቆች አልፎ 3 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሄድ ኤመራልድ ሐይቅ ይደርሳል። ልጅ የሚችለው መንገድ ነው፤ ቀስ ብሎ ከተሄደ።

ሙሴ እስራኤልን ሲያስተምር የእግዚአብሔርን ቃል ለልጆች በቤት ብቻ ሳይሆን በመንገድም እንዲነግሩ አዟል። በመንገድ ማስተማር የራሱ ጠባይ አለው። አባት ከመኪናው እንደ ወረደ ስብከት ቢጀምር ልጁ ጆሮውን ይዘጋል። መጀመሪያ ልጁ ይይ። ውኃውን ይንካ፤ ከዐለቱ ላይ ተቀምጦ ይተንፍስ። ራሱ "ይህን ማን ሠራው?" ባይል እንኳ ደስታው ከፊቱ ይነበባል፤ የእናንተ ድርሻ ያንን ደስታ ወደ ምስጋና መምራት ነው። ምሳ ሲቀርብ አቡነ ዘበሰማያት ደግማችሁ "ይህን ያሳየኸን አምላክ ተመስገን" ማለት ለአንድ ቀን የሚበቃ ትምህርት ነው።

ከሐይቆቹ ከፍ ያለውን የሚያሳየው ትሬይል ሪጅ የተባለው የመኪና መንገድ ነው። 3,713 ሜትር ድረስ ይወጣል፤ ከእንጦጦ አናት እጅግ ይበልጣል። በረዶው ስለሚበረታ በአሜሪካው ክረምት ተዘግቶ የሚከፈተው አብዛኛውን ጊዜ በግንቦት መጨረሻ ነው። ወደ ላይ ሲወጣ ዛፎቹ እያጠሩና እየተጣመሙ ይሄዱና ከ3,400 ሜትር በላይ ፈጽመው ይቀራሉ። ከዚያ በኋላ ያለው ታንድራ ይባላል። ሩቅ ሆኖ ለሚያየው ምድረ በዳ ይመስላል፤ ጎንበስ ብሎ ለሚያየው ግን ከጣት ጥፍር የማይበልጡ ሰማያዊ፣ ነጭና ቢጫ አበቦች ሞልተውበታል። ያላቸው የበጋ ዕድሜ ጥቂት ሳምንታት ነው፤ በዚያች ጊዜ አብበው ዘር አፍርተው ይጨርሳሉ። ቅዱስ ባስልዮስ ስለ ስድስቱ ቀናት ባስተማራቸው 9 ስብከቶች ውስጥ፣ ትንሿ ቡቃያ እንኳ ፈጣሪን እንድታሳስበን ይፈልጋል። እኔም ከታላላቆቹ ጫፎች ይልቅ እነዚህን አበቦች ለልጆች ብታሳዩ እመርጣለሁ። ትልቁን ማድነቅ ለማንም ቀላል ነው። እግዚአብሔር ሰው በማይኖርበት ብርድ ውስጥ ያለችን አበባ እንዲህ አስጊጦ እንደሚመግብ ያየ ልጅ ግን፣ ጌታ ስለ ሜዳ አበቦች ያስተማረውን ትምህርት በዓይኑ አይቶታል።

በዚህ ቦታ ሌላም የሚያስተምር ነገር አለ። የፓርኩ ጠባቂዎች ሰው ከመንገዱ ወጥቶ ታንድራውን እንዳይረግጥ አጥብቀው ይከለክላሉ፤ የተረገጠው ቦታ መልሶ ለመዳን አሥርተ ዓመታትና ከዚያም በላይ ሊፈጅበት ይችላል። ኤልክ ወደተባሉት ትልልቅ አጋዘኖች ከ23 ሜትር ይበልጥ መጠጋት፣ ማንኛውንም አውሬ መመገብም አይፈቀድም። ልጆቻችሁ ይህን የመንግሥት ትእዛዝ ብቻ አድርገው እንዳያዩት። አዳም በገነት የተቀመጠው እንዲያበጃትና እንዲጠብቃት ነው። በፍጥረት ላይ የተሰጠን ሥልጣን የመጋቢ ሥልጣን ነው፤ መጋቢም በአደራ ስለ ተቀበለው ነገር ይጠየቃል። አንዲት ልጅ አበባውን ሳትቀጥፍ፣ ከመንገዱም ሳትወጣ ብትመለስ ለአዳም የተሰጠውን ትእዛዝ ፈጽማለች።

በዚያው መንገድ ወደ ምዕራብ ሲወረድ ሚልነር የተባለው በር 3,279 ሜትር ላይ ይገኛል። ውኃው ለሁለት የሚከፈለው እዚህ ነው። ከተራራው በምሥራቅ የወረደው ዝናብ ወንዝ ከወንዝ እየተቀባበለው ወደ ሚሲሲፒና ወደ ሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ያቀናል፤ በምዕራብ የወረደው ከኮሎራዶ ወንዝ ጋር ወደ ፓስፊክ አቅጣጫ ይሄዳል። የኮሎራዶ ወንዝ የሚመነጨው ከዚህ ፓርክ ሲሆን፣ 7 የአሜሪካ ግዛቶችና ሜክሲኮ ከእርሱ ይጠጣሉ፣ ያርሱበታልም። በክረምት የወደቀው በረዶ በተራራው ላይ ተከማችቶ ይቆይና ሰውና እርሻ ውኃ በሚሹበት ጊዜ እየቀለጠ ይወርዳል። ቀደም ሲል የማይበላ ባዶ ዐለት ያልነው እንግዲህ ለምግበ ሥጋም ተፈጥሯል ማለት ነው። ዳዊት በ103ኛው መዝሙር ተራሮችን ከላይ ስለሚያጠጣ አምላክ የዘመረውን፣ የመግቦቱን ትምህርት፣ ለልጅ ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ቦታ አላውቅም።

ይህን ሁሉ ስናደንቅ ሁለት ስሕተቶችን ልንጠነቀቅ ይገባል። አንደኛው ልጆቻችሁ ከጎረቤት የሚሰሙት ነው፤ "ቤተ ክርስቲያኔ ተራራው ነው፤ እዚያ ስሄድ መንፈሴ ይታደሳል" የሚሉ ደጎች አሉ። አትሳለቁባቸው፤ የተሰማቸው መደነቅ እውነተኛ ነው። ሆኖም በተራራው ላይ መሠዊያ የለም፤ ሥጋ ወደሙ የለም፤ ንስሐን የሚቀበል ካህን የለም። ቅዱስ ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች በጻፈው መልእክት የማይታየው የእግዚአብሔር ባሕርይ ከሚታየው ፍጥረት እንደሚታወቅ አስተምሮ፣ በዚያው ምዕራፍ በፈጣሪ ፈንታ ፍጥረትን ያመለኩትን ይወቅሳል። ኤልያስም በኮሬብ ተራራ ሳለ ነፋሱና ነውጡ እሳቱም አለፈ፤ እግዚአብሔር ግን በእነዚያ ውስጥ አልነበረም። ፍጥረት የእግዚአብሔር ነው፤ እግዚአብሔር ግን ፍጥረት አይደለም።

ሁለተኛው ስሕተት በእኛ በኩል ይበረታል። መንፈሳዊ ለመሆን ብለን የሚታየውን ዓለም እንንቃለን። ግዙፉን ዓለም ክፉ ያሉት ማኒና ተከታዮቹ ናቸው፤ ቤተ ክርስቲያን ትምህርታቸውን አውግዛለች። እግዚአብሔር የፈጠረውን አይቶ መልካም እንደ ሆነ መስክሯልና እኛ የምንንቅበት ሥልጣን የለንም።

እዚህ ላይ ልጅ አንድ ጥያቄ ይጠይቃል፤ "ይህ ተራራ ቅዱስ ነው?" በጥንቃቄ መልሱለት። ሲና የተቀደሰው እግዚአብሔር ስለ ተገለጠበት ነው፤ ሙሴም ጫማውን ያወለቀው ስለዚህ ነው። እናንተ ምናልባት በልጅነታችሁ በእግር የወጣችሁት ዝቋላ የሚከበረው አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ስለ ጸለዩበት ነው። 4,346 ሜትር ከፍታ ያለው የዚህ ፓርክ ትልቁ ጫፍ ሎንግስ ፒክ እንዲህ ያለ ታሪክ የለውም፤ ስለዚህ አንሳለመውም። የእግዚአብሔር እጅ ሥራ ነውና መልካም ነው፤ እናከብረዋለን፣ እናመሰግንበታለን።

ስለ ዕረፍት ደግሞ ጠንከር ብዬ ልናገር። ሐዋርያት ከአገልግሎት ሲመለሱ፣ የሚመጣውና የሚሄደው ብዙ ስለ ነበረ ለመብላት እንኳ ጊዜ ባጡ ጊዜ፣ ጌታ ለብቻቸው ወደ ምድረ በዳ ሄደው ጥቂት እንዲያርፉ ጠራቸው። በሕገ ኦሪትም የሰንበት ዕረፍት ለባለቤቱ ብቻ አልተሰጠም፤ ለአገልጋዩ፣ ለመጻተኛው፣ ለአህያውም ተሰጥቷል። ባልና ሚስት በፈረቃ ምክንያት በር ላይ እየተላለፉ፣ ልጆቻቸው የአባታቸውን ፊት በእንቅልፍ ውስጥ ብቻ እያዩ የሚያድጉበት ቤት ብዙ ነው። ሥራው የተቀደሰ ነው፤ ለወገን የሚላከውም ገንዘብ ምጽዋት ነው። ልጅም ግን ወገን ነው። አባቱ ከእርሱ ጋር አንድ ሙሉ ቀን ተራምዶ፣ ጥያቄውን ሁሉ ሳይቸኩል የመለሰለት ልጅ፣ ስለ እግዚአብሔር አባትነት ሲነገረው የሚይዝበት ነገር ይኖረዋል።

ከዚህ በኋላ ብዙ ሳይቆይ ነሐሴ 13 ቀን ደብረ ታቦር ይደርሳል። ጌታ ጴጥሮስን፣ ያዕቆብንና ዮሐንስን ይዞ ሊጸልይ ወደ ተራራ ወጣ፤ ብርሃነ መለኮቱን ገለጠላቸው። ሙሴና ኤልያስ መጡ፤ አብ በደመና ሆኖ መሰከረ። ስምንቱ ሐዋርያት በእግረ ደብር ሳሉ ምሥጢሩ እንደ ተገለጠላቸው ሊቃውንት ያስተምራሉ። ይህን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ከአገር ቤት የመጡ፣ ደም ግፊት ያለባቸው አያት መውጣት አቅቷቸው ከሐይቁ ዳር ቢቀሩ ከበረከቱ የጎደሉ እንዳይመስላቸው ንገሯቸው። ጴጥሮስ ሦስት ዳስ ሠርቶ በዚያው መኖርን ወደደ፤ ጌታ ግን ይዟቸው ወረደ። ከሥር የጠበቃቸውም የታመመ ልጁን ይዞ የሚለምን አባት ነበረ። ልጆቻችሁ በዓሉ ሲደርስ ተራራ ምን እንደሚመስል እግራቸው ያውቃልና፣ ጌታ ለምን እንደ ወረደ ጠይቋቸው፤ መልሳቸውንም በትዕግሥት ስሙ።

የቀረው የጉዞው ሥርዓት ነው። ትምህርት ቤት በሚዘጋባቸው ወራት ባለፉት ዓመታት ወደ ፓርኩ ለመግባት ሰዓት አስቀድሞ መያዝ አስፈልጓል፤ ስትይዙ ከቅዳሴ የማያስቀራችሁን የሥራ ቀን ምረጡ። በሐምሌና በነሐሴ ከሰዓት በኋላ መብረቅ ስለሚበዛ ከዛፍ በላይ ካለው ስፍራ ከቀትር በፊት መውረድ ያስፈልጋል፤ "እግዚአብሔር ይጠብቀናል" ብሎ መቆየት እግዚአብሔርን መፈታተን ነው። ደጋ ተወልደን አድገናል ብላችሁም አትተማመኑ። በዚያ ከፍታ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገኘው ኦክስጅን ከባሕር ዳርቻው በአንድ ሦስተኛ ያህል ያንሳል፤ ዝቅ ባለ ስፍራ ዓመታት የኖረ ሰውነት የደጋውን ልማድ ይረሳል። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከመጣ ወዲያው ውረዱ።

ከተቻለ ጉዞውን ከነሐሴ 1 በፊት አድርጉት። በፍልሰታ ከሆነ የጾሙ ስንቅ ለመንገድ የተመቸ ነው፤ በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ፣ ተምር ይበቃል። ከባዱ ውኃ ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም ሳይቀምሱ በዚያ ከፍታ መራመድ ለጎልማሳም አደጋ አለው፤ ለልጅ ደግሞ ይብሳል። ቤተ ክርስቲያን ለሕመምተኛና ለደካማ የምታዝን እናት ናትና፣ ከመሄዳችሁ በፊት የንስሐ አባታችሁን ጠይቁ። በዚያ ቀን ልጅቷ ትጠጣ ካሉ፣ በተጠማች ጊዜ ትጠጣ፤ ወንድሞቿም ጾም ፈታች ብለው እንዳያሳፍሯት አስቀድማችሁ ንገሯቸው።