ብዙ የኤልኢዲ መብራት ስቀዪ ስትባዪ፦ ማወቅ ያለብሽ ነገር

ረመዳን ሲቃረብ ወይም ቤት ውስጥ ልደትና ሠርግ ሲኖር ብዙዎቻችን የምንታዘዘው ነገር አንድ ነው፦ «መብራቱን ስቀዪ»። እኔም ኩዌት በቤት ሠራተኝነት በቆየሁባቸው ዓመታት ሳሎኑንና ደረጃውን በየዓመቱ የማስጌጠው እኔ ነበርኩ። እንደ ሪባን የሚጠቀለለው የኤልኢዲ መብራት ጀርባው ማጣበቂያ ስላለው ለጥፎ መሰካት ብቻ ይመስላል። አደጋው የሚመጣው አንዱን ጥቅል ከሌላው ጋር እየቀጠልን ስንሄድ ነው። ይህን የምጽፈው የትኛውን ሥራ መሥራት እንደምትችሉ፣ የትኛውን ደግሞ እንቢ ማለት እንዳለባችሁ እንድትለዩ ነው።

መጀመሪያ ጽሑፉን አንብቡ

አብዛኛው ጥቅል መብራት የሚሠራው በ12 ወይም በ24 ቮልት ነው። የግድግዳው ሶኬት ግን ብዙውን ጊዜ ከ220 እስከ 240 ቮልት አለው። መሐል ላይ ያለችው ጥቁር ሳጥን፣ አዳፕተሯ (በዐረብኛ ሙሐውል) ኃይሉን የምትቀንሰው ለዚህ ነው። በመብራቱና በአዳፕተሩ ላይ የተጻፈው ቮልት አንድ ዓይነት መሆን አለበት። የ12 ቮልት መብራት በ24 ቮልት አዳፕተር ከተሰካ ይቃጠላል።

ያለ አዳፕተር በቀጥታ በ220 ቮልት የሚሠራም አለ። እሱ የግድግዳውን ሙሉ ኃይል ስለሚሸከም፣ ከተላጠ ወይም ከተቆረጠ ፈጽሞ አትንኩት።

ቀላል ሒሳብ

ካርቶኑ ላይ በሜትር ስንት ዋት እንደሆነ ተጽፏል። 14.4 ዋት ቢል፣ 5 ሜትር ጥቅል 72 ዋት ይፈልጋል፤ ሁለት ጥቅል 144 ዋት። አሁን አዳፕተሩን እዩ። «12 ቮልት፣ 5 አምፔር» ካለ 12 ሲባዛ በ5፣ 60 ዋት ነው። አንዱን ጥቅል እንኳን አይችልም፤ ይግላል፣ ሊቃጠልም ይችላል። ሁልጊዜ ትርፍ አቅም ይኑረው። ለ72 ዋት መብራት 12 ቮልት 8 አምፔር፣ ማለትም 96 ዋት የሚል አዳፕተር ይበቃል።

ስትሰቅሉ

1. የ12 ቮልት ጥቅሎችን ጫፍ ለጫፍ ቀጥላችሁ ከ5 ሜትር በላይ አታስረዝሙ። የሁሉም ኃይል በመጀመሪያው ጥቅል ውስጥ ስለሚያልፍ እሱ ይግላል፣ የመጨረሻው ደግሞ ይደበዝዛል። እያንዳንዱ ጥቅል የራሱ አዳፕተር ይኑረው፤ ወይም አቅሙ ከሚበቃ አዳፕተር በየራሱ ገመድ ይምጣ።
2. የመደመር ምልክት ከመደመር፣ የመቀነስ ከመቀነስ ጋር ይገናኝ።
3. መቁረጥ ካስፈለገ ከሶኬት ነቅላችሁ፣ ምልክት ባለበት ቦታ ላይ ብቻ ቁረጡ።
4. ተጠቅልሎ እያለ አታብሩት። ሙቀቱ መውጫ ያጣል።
5. አዳፕተሩን ከምንጣፍ ሥር፣ ከመጋረጃ ኋላ ወይም አልጋ ላይ አታድርጉ። እጅ ማሳረፍ እስኪያቅት ከጋለ ወይም የፕላስቲክ ሽታ ካመጣ ንቀሉት።
6. ዲቫይደር ላይ ሌላ ዲቫይደር አትሰኩ። መብራቱ በተሰካበት ዲቫይደር ላይ ካውያ ወይም የውኃ ማፍያ አትጨምሩ።
7. በእርጥብ እጅ አትንኩ። ለውጭ ያልተሠራ መብራት በረንዳ ላይ አይሰቀልም። ቤቱ ከመተኛቱ በፊት አጥፉ።

ይህ የእናንተ ሥራ አይደለም

የግድግዳ ሶኬት መፍታት፣ ሽቦ ልጦ ማያያዝ፣ የብሬከር ሳጥን መክፈት፣ ከመስኮት ወይም ከበረንዳ ውጭ ተንጠልጥሎ መስቀል፦ ይህን የሚሠራ ባለሙያ አለ። ረጋ ብላችሁ «ማዳም፣ ኸጢር። ላዚም ከህረባኢ» በሉ፤ አደገኛ ነው፣ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ያስፈልጋል ማለት ነው። ቤቱ ቢቃጠል የሚጎዳው ቤተሰቡም ስለሆነ፣ «ልጆቹ እንዳይጎዱ ብዬ ነው» ማለት ብዙ ጊዜ ያግባባል። የተላጠውን ሽቦ ወይም የቀለጠውን ሶኬት ከቻላችሁ ፎቶ አንሱና ለምታምኗት ሰው ላኩ።

በኩዌት የ2015 የቤት ሠራተኞች ሕግ ቁጥር 68 አሠሪ ጤናን የሚጎዳ አደገኛ ሥራ እንዳያሠራ ይከለክላል። በ2011 የጸደቀው የዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 189 ደግሞ ደህንነቱ የተጠበቀ የሥራ ቦታ የቤት ሠራተኛም መብት ነው ይላል። የባሕረ ሰላጤው አገሮች ግን አላጸደቁትም። የሊባኖስ የሥራ ሕግም የቤት ሠራተኞችን አይሸፍንም። ሕጉ ደካማ በሆነበት አገር ያላችሁ እህቶች፣ እንቢታው ቁጣ የሚያመጣባችሁ ከሆነ ቢያንስ ሥራውን ከመጀመራችሁ በፊት ከሶኬት ንቀሉ፤ ኃይሉ መጥፋቱን ሳታረጋግጡ ምንም አትንኩ።

አደጋ ከደረሰ

ኤሌክትሪክ የያዘውን ሰው በእጃችሁ አትንኩ። መጀመሪያ ብሬከሩን አጥፉ፤ ካልተቻለ ደረቅ ነገር ላይ ቆማችሁ በደረቅ እንጨት ወይም ፕላስቲክ አላቁት። በኤሌክትሪክ የተነሣ እሳት ላይ ውኃ አትድፉ፤ ልጆቹን ይዛችሁ ውጡ። ቃጠሎን ለ20 ደቂቃ በሚፈስ ቀዝቃዛ ውኃ ያዙ፤ ቡና፣ ቅቤ ወይም የጥርስ ሳሙና አትቀቡ። ኤሌክትሪክ የያዛት ሴት ደህና ብትመስልም ልቧ ሊጎዳ ስለሚችል ሐኪም ይያት።

ስልክ፦ ኩዌት 112፤ ኳታር 999፤ ሊባኖስ ቀይ መስቀል 140። ሳዑዲ እሳት 998፣ አምቡላንስ 997፤ ኤምሬትስ ግን ተገላቢጦሽ ነው፦ እሳት 997፣ አምቡላንስ 998። ያላችሁበትን አገር ቁጥር ዛሬውኑ ስልካችሁ ላይ መዝግቡ፤ ስልክ የሌላችሁ በቃል ያዙት።